የሞተር ሳይክል ፍሬንን በቤት ማጽዳት፦ መታወቅ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

በገጠር ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያው ከማሳ ማሳ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ከበረት በረት፣ ክትባት የያዘው የጤና ባለሙያ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ምጥ የያዛት እናትም አምቡላንስ ከማይደርስበት መንደር እስከ ዋናው መንገድ በሞተር ሳይክል የምትወጣበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ሕይወት በቁልቁለት ላይ የሚታመነው በአንዲት የፍሬን እጀታ ነው።

ጋራዥ በሌለበት አካባቢ ባለሞተሩ የራሱ መካኒክ መሆኑ አይቀርም። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ አብዛኛው አሽከርካሪ ሞተሩን አጥቦ፣ ፍሬኑን ፈትቶ ያጸዳል። ልማዱ መልካም ነው፤ አደጋው ያለው በአጸዳዱ ላይ ነው። በቤንዚን ታጥቦ፣ በግራሶ ተቀብቶ፣ በአየር ተነፍቶ የሚያብረቀርቅ ፍሬን ከቆሸሸው ፍሬን የባሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ የዲስክ ፍሬን ዋና አካል የሆነውን ካሊፐር በቤት ውስጥ እንዴት በጥንቃቄ ማጽዳት እንደሚቻል፣ የትኛው ሥራ ደግሞ ለባለሙያ መተው እንዳለበት ያብራራል።

ካሊፐር ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ካሊፐር ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ከሁለት ወገን ጨብጦ የሚያቆም የፍሬን አካል ነው። አሽከርካሪው የፍሬን እጀታውን ሲጨብጥ በእጀታው ሥር ያለው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን በቱቦ ይገፋዋል። ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። በአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ ፒስተኑ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ እየተንሸራተተ የሌላኛውን ወገን ሸራም ወደ ዲስኩ ይስባል።

እጀታው ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው በዙሪያው ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በግፊት ጊዜ በትንሹ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲቆም ደግሞ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን አብሮ ይመልሰዋል። የሚመለስበት ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። በፒስተኑ ላይ የተጋገረ ጭቃ ወይም ዝገት ይህን ጥቂት እንቅስቃሴ ሊያግደው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ አሠራር የጽዳቱ ሙሉ መርሕ ይወጣል። ሁለት ነገሮች ሳይታገዱ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ እነርሱም ፒስተኑና ፒኖቹ ናቸው። ሁለት ነገሮች ደግሞ ምንጊዜም ደረቅና ከቅባት የነጹ መሆን አለባቸው፤ እነርሱም ሸራውና ዲስኩ ናቸው። በካሊፐር ጽዳት ላይ የሚፈጸሙ ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሁለቱን ከማምታታት ነው፤ መንቀሳቀስ ያለበት እንዲላላ ተብሎ መድረቅ ያለበት በዘይት ይበከላል።

ጭቃውና ማዳበሪያው በፍሬን ላይ ምን ያደርሳሉ?

ዋልካ ወይም መረሬ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር የሸክላ አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። በክረምት በካሊፐሩ ስንጥቆች የገባው ዋልካ በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ደርቆ ፒኖቹንና የሸራዎቹን መቀመጫ ይቆልፋቸዋል። በውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋም ሸራውንና ዲስኩን ይፈገፍጋል።

ማዳበሪያም የራሱ ጉዳት አለው። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ እርጥበትን የሚስቡ ናቸው። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ማዳበሪያ በብረትና በአሉሚኒየም ላይ ሲቀር ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ ዝገትን ያፋጥናል። ማዳበሪያ ያጓጓዘ ሞተር ሳይክል በዕለቱ በንጹሕ ውኃ ቢታጠብ የካሊፐሩ ዕድሜ ይረዝማል።

ፍሬኑ ጽዳት እንደሚፈልግ የሚያሳዩ ምልክቶች

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጅ ማዞር የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ጎማው ጥቂት የመፈግፈግ ድምፅ እያሰማ በነጻነት መዞሩ የተለመደ ነው። ለመዞር ከከበደ ወይም ወዲያው ከቆመ ሸራው ከዲስኩ አልተላቀቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሙቀት ነው። ፍሬን ብዙም ሳይያዝ በአጭር ጉዞ ዲስኩ ከጋለ ፒስተኑ ወይም ፒኖቹ ተይዘዋል። ሙቀቱን ለመለየት እጅን ማቅረብ ወይም ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ዲስኩን መንካት ቆዳን ያቃጥላል።

ሦስተኛው ምልክት የሁለቱ ሸራዎች እኩል አለማለቅ ነው። በፒስተኑ ወገን ያለው ሸራ አልቆ ሌላኛው ወፍራም ሆኖ ከተገኘ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ አይንሸራተትም፤ ፍሬኑ በግማሽ ኀይል እየሠራ ነው።

እጀታው ሲጨበጥ እንደ ስፖንጅ የሚላላ ከሆነ፣ የዘይት መፍሰስ ከታየ ወይም ሸራው ብረቱ ጋር ደርሶ ዲስኩን ከቧጨረው ግን ችግሩ ከጽዳት በላይ ነው። እነዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ሳይሆን ከጉዞው በፊት ባለሙያ ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው።

ከመጀመሩ በፊት

ሥራው የሚሠራው ነፋሻማ በሆነ ደጅ፣ ሜዳና ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ በመካከለኛው መቆሚያ ላይ መቆም አለበት፤ የማይፈታው ጎማ በድንጋይ ይደገፋል። ከጉዞ መልስ ወዲያው መጀመር አይገባም፤ ዲስኩና ካሊፐሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃል። የከሰል ምድጃ፣ ሲጋራና ሕፃናት ከአካባቢው መራቅ አለባቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች በየቤቱ ወይም በየገበያው የሚገኙ ናቸው። ሁለት ባልዲ ንጹሕ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለብሎኖቹ ልክ የሆነ መፍቻ፣ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ካሊፐሩ የሚንጠለጠልበት ገመድ ወይም ሽቦ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል እንዲሁም ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ይበቃሉ።

ከመፍታት በፊት ካሊፐሩን ከሁለቱም ወገን በስልክ ፎቶ ማንሣት ጠቃሚ ነው። የሸራው አቀማመጥና የትንንሽ ማገጃ ሽቦዎች ቦታ ሲረሳ ፎቶው ይመሰክራል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ሳይፈቱ ማጠብ

በየጊዜው የሚደረገው ይህ ነው። በክረምት ጭቃ የሚሄድ ሞተር ሳይክል በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል እንዲህ ቢታጠብ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚገባበት ጊዜ ይቀንሳል።

በመጀመሪያ ደረቁ ጭቃ በውኃ ይረጥባል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል። ከዚያ ሳሙና ባለው ውኃ በጥርስ ብሩሽ የካሊፐሩ ዙሪያና ስንጥቆች ይፋቃሉ። በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ለቅልቆ በጨርቅ ማድረቅ ይገባል። ደረቅ ጭቃን በካቻቢቴ መፈቅፈቅ የጎማ ክፍሎችን ይቀድዳል።

በላቫጆ ያለው ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቅርብ ርቀት በካሊፐሩ ላይ መለቀቅ የለበትም። ግፊቱ ጭቃውን በጎማ መከላከያዎቹ ሥር አስገብቶ ይቀብረዋል፤ ውኃውም በፒኖቹ ላይ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣል። ከእጥበቱ በኋላ ሞተሩን በእርጋታ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ መያዝ ዲስኩን ያደርቃል። የረጠበ ዲስክ ዘግይቶ እንደሚይዝ መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ካሊፐሩን ከቦታው አውርዶ ማጽዳት

ይህ ሥራ በመፍቻ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ልምድ የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢሠራው ይመረጣል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ የዘይት ቱቦው አይፈታም። ቱቦው ከተፈታ አየር ይገባል። ዘይት በግፊት የማይጨመቅ ሲሆን አየር ግን ይጨመቃል፤ እጀታው ቢጨበጥም ኀይሉ አየሩን በማጨቅ ያልቃል፤ ፍሬኑም አይዝም። ቱቦው ሳይፈታ የሚሠራ ጽዳት ግን አየር የማስወጣት ሥራ አይጠይቅም።

1. የሸራዎቹ ማሰሪያ ፒን ካሊፐሩ በቦታው ሳለ በጥቂቱ ይላላል። ከዚያ ካሊፐሩን የያዙት ሁለቱ ብሎኖች ተፈትተው ካሊፐሩ ከዲስኩ ላይ በቀስታ ይወጣል።

2. ካሊፐሩ በገመድ ወይም በሽቦ ይንጠለጠላል። በቱቦው እንዲንጠለጠል መተው ቱቦውን ከውስጥ ሊጎዳው ይችላል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም።

3. ሸራዎቹ ይወጣሉ። የትኛው በየትኛው ወገን እንደነበረ ምልክት ይደረግበታል። ውፍረታቸውም በዚህ ጊዜ ይመረመራል፤ በሸራው ላይ ያለው የማለቂያ ምልክት ከጠፋ ወይም ሸራው በአምራቹ መመሪያ ከተወሰነው ልክ በታች ከሆነ ሁለቱም በአንድነት ይቀየራሉ።

4. የፍሬን እጀታው በጣም በቀስታ አንድ ሁለት ጊዜ ይጨበጣል፤ ፒስተኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ሲል ይቆማል። ዓላማው የቆሸሸው ጠርዝ እንዲታይ ነው። ፒስተኑ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ ከፊቱ እንጨት ማስቀመጥ ይገባል። ሁለት ፒስተን ባላቸው ካሊፐሮች ቀድሞ የሚወጣውን በንጹሕ እንጨት ደግፎ ሌላውን መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ጣትን በፒስተኑና በካሊፐሩ መካከል ማስገባት አደገኛ ነው።

5. የወጣው የፒስተን ክፍል ሳሙና ባለው ውኃና በጥርስ ብሩሽ በዙሪያው ሁሉ ይታጠባል። የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቢላዋ ፒስተኑን ይጭሩታል፤ የተጫረ ፒስተን የጎማ ቀለበቱን እየቀደደ ዘይት ያፈስሳል። ፒስተኑ በዝገት ተበልቶ ጉድጓድ ካወጣ ጽዳት አያድነውም፤ መቀየር አለበት።

6. በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ በፒስተኑ ጎን ላይ እጅግ ስስ የሆነ የፍሬን ሲሊኮን ግራሶ ወይም በሞተሩ ውስጥ ያለው ዓይነት የፍሬን ዘይት ይቀባል። የተረፈው ተጠርጎ ይወጣል።

7. ፒስተኑ በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከጠነከረ አሮጌ ሸራ ፊቱ ላይ አድርጎ በእንጨት መግፋት ይቻላል፤ በካቻቢቴ መፈንቀል ግን አይገባም። ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ በፖምፓው ወዳለው የዘይት መያዣ ስለሚመለስ፣ መያዣው ሞልቶ እንዳይፈስ መከታተልና ዙሪያውን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት ቀለምን ይልጣል፤ የፈሰሰበት ቦታ ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት።

8. የመንሸራተቻ ፒኖቹ ተስበው ወጥተው አሮጌው ግራሶ በጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ተቀብተው ይመለሳሉ። የጎማ መከላከያቸው ከተቀደደ ጭቃው ስለሚመለስ መከላከያው መቀየር አለበት።

9. ሸራዎቹ በቦታቸው ይገባሉ፤ ዲስኩ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ በሁለቱም ገጽ ይጠረጋል። ግራሶ የነካ ጓንት ከዚህ በፊት መቀየር አለበት። ካሊፐሩ በዲስኩ ላይ ተመልሶ ብሎኖቹ አምራቹ ባስቀመጠው ልክ ይጠብቃሉ። የአጠባበቅ ልኩ በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከመጠን በላይ መጥበቅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል፤ መላላት ደግሞ ካሊፐሩን በጉዞ ላይ ያስወልቃል።

ከሁሉ የሚቀድመው እርምጃ፦ እጀታውን መጨበጥ

ፒስተኑ ወደ ውስጥ ከተገፋ በኋላ በሸራውና በዲስኩ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። የመጀመሪያው የእጀታ ጭብጥ ፍሬን አይዝም፤ ሁለተኛውም ላይዝ ይችላል። ሥራውን በሚገባ የፈጸመ ሰው እንኳ ይህን ረስቶ ሞተሩን አስነሥቶ ቢወጣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን አልባ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ከመቆሚያው ሳይወርድ እጀታው ጠንክሮ እስኪቆም ድረስ ደጋግሞ መጨበጥ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ጎማው በእጅ ዞሮ በነጻነት መዞሩ ይታያል፤ እጀታው ተጨብጦ ሲዞር መያዙ፣ ሲለቀቅም መላቀቁ ይረጋገጣል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ በእግር እየተገፋ ፍሬኑ ይሞከራል። በመጨረሻም ሰው በማይበዛበት ሜዳ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይፈተናል። ሸራው አዲስ ከሆነ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው ሰው ጭኖ ወደ ቁልቁለት መውጣት አይገባም። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ብሎኖቹ መጥበቃቸውና ዘይት አለመፍሰሱ እንደገና ይታያል።

ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

*በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ።* እነዚህ የነዳጅ ውጤቶች የፍሬኑን የጎማ ቀለበቶች ያሳብጣሉ። ያበጠ ቀለበት ፒስተኑን ይይዘዋል ወይም ዘይት ያፈስሳል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ በዲስኩ ላይ የቅባት ሽፋን ይተዋሉ። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር የከበደ በመሆኑ በመሬት ላይ እየተሳበ ሄዶ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ሊይዝ ይችላል።

*ለሚጮኽ ፍሬን ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት።* ድምፁ ይጠፋል፤ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም እንዲሁ ቅባት ነው፤ በአቅራቢያው ሌላ ነገር ላይ ሲረጭ እንኳ ዲስኩ መሸፈን አለበት።

*ዘይት የነካውን ሸራ በእሳት ማቃጠል።* ሸራው ዘይቱን ወደ ውስጥ መጥጦታል። ከላይ ያለው ቢቃጠልም ፍሬኑ ሲሞቅ ከውስጥ ያለው እንደገና ይወጣል፤ እሳቱም ሸራውን ከብረቱ ያያያዘውን ማጣበቂያ ሊያላቅቀው ይችላል። ዘይት የነካ ሸራ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው።

*የፍሬን ብናኝን በአየር መንፋት።* በጎሚስታ ቤት ባለው የአየር ግፊት ወይም በአፍ እፍ ብሎ ማጽዳት ብናኙን ወደ ሳንባ መላክ ነው። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያስከትሉ አስታውቋል። አስቤስቶስ ያለበትን ሸራ በዓይን መለየት ስለማይቻል ማንኛውም የፍሬን ብናኝ ጎጂ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። ብናኙ በውኃ ረጥቦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይወሰዳል። ይህ ጥንቃቄ ታምቡር ያላቸውን የኋላ ፍሬኖች ለሚከፍቱም ይበልጥ ይሠራል፤ ብናኙ በታምቡሩ ውስጥ ታምቆ ይቆያልና።

*ፒስተኑን በአየር ግፊት ማስወጣት።* ፒስተኑ ጣት ሊሰብር በሚችል ኀይል ይወረወራል።

ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ስፕሬይ የተገኘ እንደሆነ በዲስኩ ላይ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ክፍት ቦታ ላይ፣ ከእሳት ርቆ መሆን አለበት። ክሎሪን ያለባቸው ስፕሬዮች ከብየዳ ወይም ከእሳት ጋር ሲገናኙ ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

የፍሬን ዘይትና ረጅሙ ቁልቁለት

በጽዳት ወቅት የፍሬን ዘይቱን መመልከት ጠቃሚ ነው። ለሞተርዎ የሚሆነው ዓይነት በዘይት መያዣው ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተለመዱት ናቸው። ሁለቱም ከአየር እርጥበትን የሚመጥጡ ናቸው። አዲስ ዶት 4 ዘይት የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ 4 በመቶ ገደማ ውኃ ሲይዝ ግን የመፍያ ልኩ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ዲግሪ ናቸው።

ይህ ልዩነት በሜዳ ላይ አይታወቅም፤ በቁልቁለት ላይ ግን ይገለጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አሽከርካሪ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ካሊፐሩ ይግላል፤ እርጥበት የያዘው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ስለሚጨመቅ እጀታው ባዶ ሆኖ ይገባል። የተያዘ ካሊፐር ያለው ሞተር ደግሞ ወደዚህ ሁኔታ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ በቁልቁለት ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ፣ የፊትና የኋላ ፍሬንን በማፈራረቅና በማሳረፍ መጠቀም ይገባል።

ብዙ አምራቾች የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። የጠቆረ ዘይትም የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን ያመለክታል። የመቀየሩ ሥራ አየር የማስወጣት ዕውቀት ስለሚጠይቅ ለመካኒክ የሚተው ነው። የሞተር ዘይት፣ የምግብ ዘይትም ሆነ የሳሙና ውኃ የፍሬን ዘይትን አይተካም። የተከፈተ ጠርሙስ እርጥበት ስለሚስብ ለወራት አስቀምጦ መጠቀምም አይመከርም።

የዘይቱ መጠን በመያዣው ውስጥ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ወዲያው ከመጨመር ሸራውን ማየት ይቀድማል። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ፊት ስለሚወጣ ዘይቱ ዝቅ ይላል። ሸራው ሳያልቅ ዘይቱ ከቀነሰ ግን የሚፈስበት ቦታ አለ።

ከሥራው በኋላ

የፍሬን ዘይት መርዝ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በቤት ጥግ የተቀመጠ ዘይት ሕፃን እንደ ውኃ ሊጠጣው ይችላል፤ ውሻና ከብትም ሊልሱት ይችላሉ። በራሱ ጠርሙስ፣ ተከድኖ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ መቀመጥ አለበት። ዘይቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የጠጣ ሰው ካለ ደግሞ ሳያስመልሱ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

የእጥበቱ ውኃ ወደ ወንዝ፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ጉድጓድ ውኃ መውረድ የለበትም። ሞተርን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ከብት ለሚጠጣበትና ከታች ላለው መንደር ጉዳት ነው። ዘይት የነካ ጨርቅ ተለይቶ ይወገዳል፤ የሥራ ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር ሳይቀላቀል ይታጠባል።

ለመካኒክ የሚተው ሥራ

ፒስተኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ የጎማ ቀለበቶችን መቀየር፣ ቱቦውን ወይም ፖምፓውን መፍታት፣ አየር ማስወጣት፣ የተቆለመመ ዲስክን መመርመርና ኤቢኤስ የተገጠመለትን ፍሬን መጠገን በቤት የሚሠሩ አይደሉም። ካሊፐሩ ከተጸዳ በኋላም ጎማው ከከበደ ወይም እጀታው ካልጠነከረ ሞተሩ በመኪና ተጭኖ ወይም እየተገፋ ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት።

ወረዳ ከተማ ያለው ጋራዥ ሩቅ ነው፤ የመካኒክ ዋጋና የአንድ ቀን ሥራ መፍታትም ለባለሞተሩ ቀላል አይደሉም። በሳሙናና በውኃ በየጊዜው የሚደረግ ጽዳት ይህን ወጪ ያርቃል። ሆኖም የቤት ጽዳት ጥቅሙ የሚለካው በካሊፐሩ ማብረቅረቅ አይደለም። ፒስተኑና ፒኖቹ ሲንቀሳቀሱ፣ ሸራውና ዲስኩ ደርቀው ሲነኩ፣ እጀታውም ጠንክሮ ሲቆም ሥራው ተፈጽሟል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ከመቆሚያው መውረድ የለበትም።